የኮሶ ትል ከላሟ አይጀምርም፦ ለጥሬ ሥጋ ጠበቃ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ጽሑፍ የጥሬ ሥጋ ልማዳችንን «ከባዕድ ፍርሃት» ለመከላከል ተነሥቷል። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ኖረው አልተጎዱም፤ ሚጥሚጣው፣ ሎሚውና አረቄው ትሉን ይገድሉታል፤ የተረፈውንም ጾም ያስርበዋል፤ የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ ከትል ነጻ ነው፤ የኮሶ ትል ቢገኝም በሽታ ሊባል አይገባውም፤ ካስቸገረም ኮሶ ከፋብሪካ ክኒን ይበልጣል፤ ትሉ የሚመጣው ከከብት ስለሆነ ጉዳዩ የአርቢውና የመንግሥት ነው፤ ከውሻ የሚመጣው ትል ደግሞ የታመመ ጉበት የሚበሉ የሩቅ አርብቶ አደሮች ችግር ነው። ጽሑፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈና የወግ ፍቅር ያለበት በመሆኑ ብዙ አንባቢ እንደሚያምነው አልጠራጠርም፤ ለመመለስ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ቁርጥ ወይም ክትፎ የሚወድን ሰው ማሳፈር ዓላማዬ አይደለም። ስለ ትሉ የተነገረው ነገር ግን ሰውን ለጉዳት የሚዳርግ ስሕተት ስለሆነ ነጥብ በነጥብ ማየት ይገባል።

አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ መብላታቸው እውነት ነው። ሳይጎዱ ኖሩ የሚለውን ግን ጸሐፊው ራሳቸው በኩራት የሚጠቅሱት የኮሶ መጠጣት ልማድ ያፈርሰዋል። በደጋው አገር ከመኳንንቱ እስከ ገበሬው ድረስ ጊዜ ጠብቆ ኮሶ መጠጣት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የኮሶን ዛፍ በሥዕል አስደግፎ ለአውሮፓውያን ያስተዋወቀው ይህን ልማድ አይቶ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቷል። አንድ ሕዝብ እንዲህ ያለ መራራና ሆድ የሚያምስ መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ እየደጋገመ የሚጠጣው ትሉ ስለማይይዘው ሳይሆን በያዘው ቁጥር ማስወጣት ስላለበት ነው። ስለዚህ የአባቶቻችን ልማድ የሚመሰክረው የጥሬ ሥጋን ደኅንነት ሳይሆን የትሉን ስርጭትና እነሱ መድኃኒት ለማግኘት ያሳዩትን ብልሃት ነው።

ሚጥሚጣና አረቄ ትሉን ይገድላሉ ወደሚለው ስንሄድ፣ በመጀመሪያ ትሉ በሥጋው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በከብቱ ሥጋ ውስጥ ያለው ሰው በሰገራው የሚያየው ረጅም ትል አይደለም። ያለው ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ ወይም ጥቂት ከፍ የሚል፣ ነጣ ያለ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ በውስጡም የወደፊቱ ትል ራስ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። ከረጢቱ የሚገኘው በጡንቻው ውስጥ ሲሆን ሚጥሚጣውም ሆነ አዋዜው የሚነካው የቁርጡን ገጽ ብቻ ነው። ሎሚውን በተመለከተ፣ የጨጓራችን አሲድ ከሎሚ የበረታ ሆኖ ሳለ ትሉን አይገድለውም። እንዲያውም በጨጓራና በአንጀት ያለው የምግብ መፍጫ ፈሳሽና ሐሞት የትሉን ከረጢት ከፍተው የትሉ ራስ እንዲወጣና የትንሹን አንጀት ግድግዳ እንዲይዝ የሚያነቃቁት ናቸው። አረቄውም ሆድ ገብቶ ከምግብና ከፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ይቀጥናል፤ ከረጢቱን ሊገድል በሚችል መጠን ሆድ ውስጥ የሚቆይ አልኮል መጀመሪያ የሚጎዳው ጠጪውን ነው።

ትሉን በእርግጥ የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ሙቀትና ብርቱ ቅዝቃዜ ናቸው። የሥጋው መሐል 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ከረጢቱ ይሞታል፤ ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ግን እዚህ ሙቀት ላይ አይደርስም። ሥጋው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ቢያንስ ለ10 ቀናት እስከ መሐሉ በረዶ ሆኖ ከቆየም ትሉ ይሞታል። ይህ ጥሬ ሥጋ መተው ለማይሆንለት ሰው የተከፈተ በር ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቤታቸው ያለው የበረዶ ሣጥን በቂ ነው። እዚህ አገር ግን መብራት እየጠፋ ሥጋው መሐል ላይ የሚቀልጥ ከሆነ ቀኑ መቆጠር ያለበት እንደገና በረዶ ከሆነበት ጀምሮ ነው። በረዶ ባክቴሪያን እንደማይገድልም መታወቅ አለበት።

ጾም ትሉን ያስርበዋል የሚለው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የኮሶ ትል አፍም አንጀትም የለውም፤ እኛ የፈጨነውን ምግብ በቆዳው እየመጠጠ ይኖራል። እንጀራና ሽሮ ለእርሱም ምግብ ነው። ዓመታት የሚኖር ትል ሁዳዴ በገባ ቁጥር አይሞትም።

የማኅተሙ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ ምክንያቱም በቄራ የሚሠሩ የሥጋ መርማሪዎች የሚሠሩት ሥራ እጅግ ጠቃሚ ስለሆነ ዋጋ የሚያሳጣው ነገር መናገር አልፈልግም። መርማሪው ከረጢቱ በብዛት የሚገኝባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም የመንጋጋን ጡንቻ፣ ምላስን፣ ልብን፣ ዲያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) እና የወርችን ሥጋ በቢላዋ ሰንጥቆ ያያል። ከብቱ ብዙ ከረጢት ካለበት በዚህ መንገድ ይገኛል። ነገር ግን አብዛኞቹ የተያዙ ከብቶች ጥቂት ከረጢት ብቻ ነው ያላቸው፤ ጥቂት ከረጢት በመቶዎች ኪሎ በሚመዘን ሥጋ ውስጥ ተበትኖ ሲገኝ በጥቂት ስንጥቅ ላይ የመታየቱ ዕድል አነስተኛ ነው። ሥጋውን ሁሉ በስሱ መሰንጠቅ ደግሞ ለገበያ የማይሆን ያደርገዋል። ስለዚህ ማኅተሙ የሚነግረን ከብቱ በባለሙያ መታየቱንና ጎልቶ የወጣ ችግር አለመገኘቱን ነው፤ ሥጋው ጥሬውን ቢበላ ከትል ነጻ ነው ብሎ አይምልልንም፤ እንዲምልም አልታሰበም። ከዚህም በላይ ጸሐፊው ያላነሡት ትልቅ ክፍተት አለ። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ የሚጥልበት ቅርጫ ብዙ ጊዜ መርማሪ ሳይኖር ይከናወናል። በዓመት ውስጥ ጥሬ ሥጋ በብዛት የሚበላው በእነዚህ ቀናት መሆኑን ካሰብን፣ የማኅተሙ መከራከሪያ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ላይ የለም ማለት ነው።

የኮሶ ትል በሽታ አይደለም ለሚለው ነጥብ የተወሰነ እውነት እንዳለው አልክድም። በብዙ ሰው ላይ የሚያስከትለው የሆድ መረበሽ፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፣ የክብደት መቀነስና በራሱ ጊዜ በፊንጢጣ የሚወጣ ቁራጭ የሚያመጣው መሳቀቅ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት በምግብ የሚተላለፉ ጥገኛ ተሕዋስያን የደረጃ ዝርዝር ላይ አንደኛ የተቀመጠው የአሳማው ትል ነው፤ የከብቱ ትል ከእሱ ብዙ ርቆ ይገኛል። ልዩነቱ መሠረታዊ ነው፦ የአሳማው ትል ዕንቁላል ወደ ሰው ሆድ ከገባ ከረጢቱ በሰው አንጎል ውስጥ ሊያድግና የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ የከብቱ ትል ዕንቁላል ግን በሰው ላይ ይህን አያደርግም። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ ስለማይበላ ይህ አደጋ ከሌሎች አገሮች ያነሰ ነው። ነገር ግን በዚሁ ዝርዝር ሁለተኛ የተቀመጠው ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ከውሻ የሚመጣው ትል ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የከብቱ ትልም ቢሆን አልፎ አልፎ ቁራጩ ወደ ትርፍ አንጀት ወይም ወደ ሐሞት መውረጃ ገብቶ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ችግር ይፈጥራል። ቀላል መሆኑ ሕመም አለመሆኑን አያሳይም።

ኮሶ ከክኒን ይበልጣል የሚለው በሰው ላይ ቀጥተኛ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ምክር ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አይቻልም። የኮሶ አበባ ትል የማስወጣት ኃይል እንዳለው በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፤ ኮሶንም፣ እንቆቆንም፣ መተሬንም፣ ቀጨሞንም ያገኙት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። በዛፉ፣ በአበባው ዕድሜና በተቀመጠበት ጊዜ መሠረት ኃይሉ ይለያያል፤ አንዱ በእፍኝ፣ ሌላው በጽዋ ይለካል። ሲበዛ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ዓይንን እስከማጥፋት የደረሰ ጉዳት ማድረሱ ተመዝግቧል፤ ለነፍሰ ጡር ሴትም ጽንስ የማስወረድ አደጋ አለው። ሲያንስ ደግሞ ረጅሙ የትል አካል ይወጣና የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ሁለትና ሦስት ወር ሳይቆይ ቁራጩ እንደገና ይታያል። ያ በየጊዜው ኮሶ የመጠጣት ልማድ በከፊል ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ትሉ ደጋግሞ የሚመለሰው ሁልጊዜ በአዲስ ሥጋ ሳይሆን ባልወጣ ራስም ጭምር ነው።

በአንጻሩ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ሲሆን መጠኑም በታካሚው ክብደት ወይም ዕድሜ ይወሰናል። እዚህ ላይ በመድኃኒት ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት መጥቀስ ተገቢ ነው፦ ሰው «የትል መድኃኒት» ብሎ ሲጠይቅ አልቤንዳዞል ይሰጠዋል። አልቤንዳዞል ለወስፋትና ለመሳሰሉት ጥሩ መድኃኒት ቢሆንም በአንድ ጊዜ መጠን ለኮሶ ትል አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ቁራጭ ያየ ሰው ማፈሩን ትቶ ያየውን በግልጽ መናገር አለበት። የሰገራ ምርመራ ዕንቁላሉን ሊያጣው ስለሚችል «ምርመራው ነጻ ነው ብሎኛል» ማለት ብቻውን በቂ አይሆንም። ከሕክምናው በኋላም እስከ ሦስት ወር ድረስ ቁራጭ እንደገና መታየት አለመታየቱን መከታተል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ዋና ስሕተት እንምጣ። ጸሐፊው ትሉ «ከከብት የሚመጣ» ስለሆነ መፍትሔው የአርቢውና የመንግሥት ነው ብለዋል። በዚህ ክርክር ውስጥ ጥሬ ሥጋን የሚቃወሙትም ሳይቀሩ የሚረሱት ነገር አለ፦ ከብት ይህን ትል ከሌላ ከብት አይወስድም፤ ከሰው ነው የሚወስደው። ያደገው ትል በዓለም ላይ የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የሰው ትንሽ አንጀት ነው። እዚያም ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ በላይ ይረዝማል። አካሉ ከ1,000 እስከ 2,000 በሚደርሱ ቁራጮች የተቀጠለ ሲሆን በስለው በሚወጡት በእያንዳንዳቸው ውስጥ ከ80,000 እስከ 100,000 ዕንቁላል ይገኛል፤ በየቀኑም የተወሰኑ ቁራጮች ይወጣሉ። ሰውየው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ፣ ወይም የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ሣር መሬትና ወደ ወንዝ ከወረደ፣ ዕንቁላሉ በእርጥብ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ዕንቁላሉ አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ፅንሱም በደም አማካይነት ወደ ጡንቻ ይሄድና ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውን ሊይዝ የሚችል ከረጢት ይሆናል። በሬው በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛን ትል ተሸክሞ ወደ እኛ የሚመልስ ነው።

ይህን ከተቀበልን ጸሐፊው የሚያወድሱት የኮሶ አወሳሰድ ሥርዓት ራሱ ሌላ ገጽታ ያሳየናል። በገጠር ኮሶ የጠጣ ሰው ከሰው ዓይን ርቆ ወደ ጫካ ወይም ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ትሉንም እዚያው ጥሎ ይመለሳል። ሰውየው ተገላገለ፤ ሜዳው ግን በዚያች ሰዓት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕንቁላል ተዘራበት። የክኒን ተጠቃሚውም ትሉን በሜዳ ላይ ከጣለ ከዚህ አይለይም። የትኛውም መድኃኒት ቢወሰድ የሚወጣው ነገር ከጥልቅ ሽንት ቤት ውጭ መውደቅ የለበትም፤ ይህን በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ መጸዳጃ ቤት ሲያስተምሩ ከበሬው ጋር አያይዘው ቢነግሩት ገበሬው በቶሎ እንደሚቀበለው አምናለሁ፤ በሬው ሀብቱ ነውና። እረኛው፣ ከብት አድላቢውና በእርባታ ሥፍራ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት መኖሩ በከተማ ሥጋ ቤት ከሚደረግ ማንኛውም ጥንቃቄ በላይ የትሉን ዑደት ይቆርጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የአርቢው ብቻ ነው የሚለው አባባል ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ትሉ በሆዱ ያለ የከተማ ሰው ሽንት ቤቱ ወደ ወንዝ የሚፈስ ከሆነና በዚያ ወንዝ ውኃ ሣር የሚለማ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ቁርጥ ትሉን እያዘጋጀ ያለው ራሱ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ውሻ ትል ነው። ጸሐፊው «በውሻ ምክንያት የታመመ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው፣ በሽታው የሚይዘው ውኃ የቋጠረ ጉበት የሚበሉትን ብቻ እንደሆነ ጽፈዋል። መንገዱን ገልብጠውታል። በበግ፣ በፍየል፣ በግመልና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ፊኛ መሰል ነገር፣ ኤኪኖኮከስ የተባለው ትል የልጅነት ደረጃ ነው። ሰው ይህን መብላቱ የሚያጸይፍ ቢሆንም በሽታው በዚህ መንገድ አይይዘውም፤ የሚይዘው ውሻውን ነው። ፊኛውን የበላ ውሻ አንጀት ውስጥ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆነው ያድጋሉ፤ ከስድስትና ከሰባት ሳምንት በኋላም ከሰገራው ጋር ዕንቁላል ይጥላሉ። ዕንቁላሉ እንደወጣ ለመያዝ ዝግጁ ነው፤ በውሻው ፀጉር ላይ ይጣበቃል፤ በግቢው አፈር፣ በጎመኑና በውኃው ላይ ይደርሳል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ ባልታጠበ እጁ ሲበላ፣ ውሻ የሌለው ሰውም ያልታጠበ ሰላጣ ሲበላ ዕንቁላሉ ይገባል። ከዚያም በሰው ጉበት ላይ፣ በሁለተኛ ደረጃም በሳንባ ላይ ያ በበጉ ላይ የታየው ፊኛ በሰው አካል ውስጥ ማደግ ይጀምራል።

በሰሜን ኬንያ ቱርካናና በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው በብዛት መገኘቱ እውነት ነው፤ እዚያ ሰውና ውሻ በጣም ተቀራርበው ይኖራሉ። ነገር ግን በመሐል አገር ቄራዎች ውኃ በመቋጠሩ ምክንያት የሚወገደው ሳንባና ጉበት ብዙ መሆኑን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያ በግና በሬ ዕንቁላሉን ያገኘው እኛ ከምንኖርበት መሬት ላይ ነው። በበዓል ቀን ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባው ለማን እንደሚጣል የማያውቅ የለም። ሳንባውን በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ማቃጠል፣ ወይም ለውሻው መስጠት ከተፈለገ በደንብ መቀቀል፣ ውሻውንም በእንስሳት ሐኪም ምክር ጊዜ ጠብቆ ፕራዚኳንቴል ማጠጣት የማንም አቅም የማይፈቅደው ነገር አይደለም።

«አይቼ አላውቅም» ለሚለውም መልስ አለው። ፊኛው የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ዓመታት ያልፋሉ፤ በልጅነቱ የተያዘ ሰው በጎልማሳነቱ ሊታመም ይችላል። ያኔ የሚሰማው የጎን ሕመም ወይም ሳል ከዚያ ከረሳው ውሻ ጋር ይገናኛል ብሎ ማንም አያስብም። ፊኛው ሆድ ወይም ደረት ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ፈሳሹ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስከትልና ዘሩን በሌላ ቦታ ሊበትነው ይችላል፤ ስለዚህ በአልትራሳውንድ ሲታይ ውኃ የቋጠረ ነገር በጉበት ላይ የተገኘበት ሰው ይህ በሽታ እንዳልሆነ ሳይረጋገጥ ያ ውኃ የቋጠረው ነገር በመርፌ እንዲወጋ መፍቀድ የለበትም። ሕክምናው እንደ ፊኛው ደረጃና ቦታ ለወራት የሚወሰድ አልቤንዳዞል፣ በባለሙያ ጥንቃቄ ፈሳሹን መጥጦ ማውጣት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም እየተከታተሉ መጠበቅ ነው። ጸሐፊው በውሻ ምክንያት የታመመ ሰው ያላዩት ሕሙማኑ ስለሌሉ ሳይሆን ከበሽታው መነሻ እስከ ሆስፒታሉ አልጋ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ነው።